የእናቴን ነጭ ዴዚ እስከ እንጨቱ ቆርጬው ዝም አለኝ

የጓሮዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ጓሯችን ውስጥ አንድ ነጭ ዴዚ አለ። መሬት ላይ የሚነጠፈው ዓይነት ሳይሆን ቁጥቋጦ የሚሆነው። እናቴ ናት የተከለችው፣ ከ4 ዓመት በፊት። ያኔ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወገቤ ጋ ደረሰ። ድቡልቡል ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች በአበባ ተሸፍኖ፣ አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ያየው ነበር። እናቴ አሁን ጉልበቷ እምቢ ስላላት ጓሮ አትወርድም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነው የምታየው። ጠዋት ቡና እንኳን ሳልል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «አበባዬ እንዴት አደረች?» ብላ ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ መልኩ ተለወጠ። ከሥሩ ተራቆተ። ግንዱ ቡናማ እንጨት ሆነ። ቅጠልና አበባ የቀረው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። መሃሉ ተከፍቶ ቅርንጫፎቹ በየአቅጣጫው ተንጋለሉ፤ አንዱንም ነፋስ ገነጠለው። ጽጌረዳ ስትከረከም እንደ አዲስ እንደምታቆጠቁጥ ስለማውቅ፣ ይሄንንም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ አስቀርቼ ቆረጥኩት።

3 ሳምንት ሆነው። ትንሽ ቅጠል የተረፈችበት አንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ ብሏል። ሌላው ዝም ብሎ እንጨት ነው። በየቀኑ ውሃ አጠጣለሁ፤ ፍግም ጨምሬበታለሁ። ለእናቴ «ተከርክማ ነው፣ ትመለሳለች» ብያታለሁ። ይህን ቃል መጠበቅ እፈልጋለሁ። ይድናል? ወይስ ገድዬዋለሁ?

ሚሚ ቅጠል፦

አይዞሽ እህቴ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር እይልኝ።

መጀመሪያ ቅጠሉ ምን ይመስል ነበር? ቁጥቋጦ የሚሆነው ዴዚ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ አያያዙም ይለያያል። ሁለተኛ፣ ደረቀ የምትይውን እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በጥፍርሽ በስሱ ፋቅ አድርጊው። ከልጡ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ አልቆለታል። ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ታች እየወረድሽ ፋቂ። ጫፉ ሞቶ ሥሩ በሕይወት ሊኖር ይችላል።

የጓሮዋ ልጅ፦

አመሰግናለሁ ሚሚ። አሁኑኑ ወርጄ አየሁት። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሸነሸነ ነው፣ አረንጓዴ። ስጨምቀው ጠንከር ያለ ሽታ አለው። አበባው ዙሪያውን ነጭ፣ መሃሉ ቢጫ።

ቅርንጫፎቹ 7 ናቸው። ሁሉንም ፋቅኋቸው። 4ቱ እስከ ታች ቡናማ ናቸው። 2ቱ ከመሬት አጠገብ ብቻ ትንሽ አረንጓዴ አሳዩኝ። ያ ቅጠል የተረፈበት ደግሞ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው። ስፍቀው እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እውነቴን ነው።

ዶማና መቀስ፦

ልጄ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ይህን ተክል ሳበቅል 20 ዓመት አልፎኛል። የማውቀውን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ።

ያለሽ አርጂራንተመም የሚባለው ነው። አገሩ የካናሪ ደሴቶች ናቸው። ድሮ ከክራይሳንተመም ጋር ይመደብ ስለነበር፣ አንዳንድ ችግኝ ላይ እስካሁን «ክራይሳንተመም ፍሩቴስንስ» የሚል ስም ታገኚያለሽ። ፍሩቴስንስ በላቲን «ቁጥቋጦ እየሆነ የሚሄድ» እንደማለት ነው። ጠባዩ ስሙ ላይ አለ። ለስላሳ ሆኖ ይጀምራል፤ ከዚያ ከሥር ወደ ላይ እንጨት እየሆነ ይወጣል። ጽጌረዳ አሮጌ ግንዷ ላይ የተኛ ዓይን፣ ማለትም ገና ያልፈነዳ የቀንበጥ መነሻ፣ አላት፤ ሲቆርጧት ይነቃል። የዚህኛው ግን ቅጠል የሌለበት እንጨት ላይ ከወረድሽ ብዙውን ጊዜ የሚነቃ ነገር አታገኚም። ያቆጠቆጠልሽም ቅጠል ባለበት በኩል መሆኑን ራስሽ ጽፈሻል።

ሌላው ዕድሜው ነው። ይህ ተክል ብዙ ዓመት የሚቆይ አይደለም። 3 ወይም 4 ዓመት ያምርበታል። ከዚያ ይራቆታል፣ መሃሉ ይከፈታል፣ ቅርንጫፉ በራሱ ክብደት ይገነጠላል። አንቺ መቀስ ሳታነሺም እያረጀ ነበር። ስለዚህ ገደልኩት እያልሽ ራስሽን አትውቀሺ።

አሁን የዕለት ተዕለቱን ውሃ አቁሚ። ውሃን ከሥር ወደ ላይ የሚስበው ቅጠል ነው። ቅጠል ከሌለ ውሃው ሥሩ ላይ ይተኛል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እርጥበት ካገኘሽ ማጠጫውን አስቀምጪ። ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጪ። ፍጉንም ከግንዱ ዙሪያ ጠርገሽ አንሺው። ግንዱን ተጠግቶ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ልጡን ያበሰብሰዋል። ደግሞም ፍግ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን የበዛበት ተክል ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥሽም።

እስከ ታች የሞቱትን 4ቱን ከሥራቸው ቆርጠሽ አውጪ። 2ቱን ለጊዜው ተያቸው። ነገር ግን ተስፋሽን አሮጌው ግንድ ላይ አትጣይ። ተስፋሽ ያለው እነዚያ ለጋ ቀንበጦች ላይ ነው።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያዬን ዴዚ የሰጠኝ ጎረቤት ነበር። ሲያረጅብኝ አልለቅህም አልኩት። እንጨት አስደግፌ፣ በገመድ አስሬ፣ 2 ዓመት ታገልኩ። ሰው ሲያየው ድጋፉ ነው የሚታየው እንጂ አበባው አይደለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ዝናብ ሳያቋርጥ ዘነበና ሥሩ በሰበሰ። ልንቀለው ብዬ ሳብ ባደርገው ያለ ምንም ጉልበት እጄ ላይ ወጣ። የሚያሳዝነኝ መሞቱ አይደለም። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንዲት ቀንበጥ ቆርጬ አልተከልኩም። ጎረቤቴም ቤት ቀይሮ ሄዷል። ያ አበባ የትም የለም አሁን።

እናትሽ የተከለቻትን ማዳን ማለት ግንዷን ማዳን አይደለም። ቀንበጥ ቆርጠሽ ስትተክይ የሚበቅለው ልጇ እንዳይመስልሽ። ራሷ ናት፤ በአዲስ ሥር የቆመች። ከዘር ብታበቅያት ሌላ መልክ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ከቀንበጥ ግን ያችው ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያቆጠቆጡት አንድ ጣት ያህል፣ ማለትም ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እስኪደርሱ ጠብቂ። ስታጠፊው እንደ ሣር የሚልፈሰፈሰውን አትውሰጂ፤ ያ ገና ነው። ጠንከር ብሎ ታጥፎ መልሶ የሚቃና ሲሆን ደርሷል። እምቡጥ ያልያዘውን ምረጪ። እምቡጥ ካለው በጥፍርሽ ቅንጠቢው፤ ጉልበቱን ለአበባ ከሰጠ ለሥር አይተርፈውም። በማለዳ፣ ተክሉ ውሃ ጠግቦ ሳለ፣ በተሳለ ቢላ ቁረጪ። መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። የምትቆርጪው ከቅጠል አንጓ፣ ማለትም ቅጠሉ ከግንዱ ከሚወጣበት ቦታ፣ ልክ በታች ነው። ሥር የሚወጣው ከዚያች አንጓ ነውና ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳን ዝቅ ብትይ ትርፍ ነው፤ ይበሰብሳል። ከታች ያሉትን ቅጠሎች አንሺና ላይ ላዩን 4 ወይም 5 አስቀሪ።

አፈሩ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የተነፋ ኮምፖስት ይሁን። ቀንበጡን እየገፋሽ አትሰኪው፤ ልጡ ይላጥብሻል። መጀመሪያ በእንጨት ቀዳዳ አብጂ፣ ከዚያ አስገቢና ዙሪያውን በሁለት ጣትሽ ጠቅ ጠቅ አድርጊ። በስሱ አጠጪ። ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ አስቀምጪ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሥር ያወጣል። በየቀኑ እየነቀልሽ አትዪ። ቀስ ብለሽ ሳብ ስታደርጊው እምቢ ካለሽ ይዟል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት። የአሮጌውን ግንድ ሥር አፈሩን ገለጥ አድርገሽ እዪ። ሸካራ፣ እንደ እብጠት ያለ ጉብታ ካለበት ከእርሱ ምንም አትቁረጪ። በቁስል በኩል የሚገባ ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ነቅሎ ማስወገድ፣ መሣሪያውን በአልኮል መጥረግ፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ዴዚ አለመትከል ብቻ ነው።

ቢጫ ወዳጅ፦

ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። የኔ ቢጫ ዴዚ 7 ዓመቱ ነው። በየዓመቱ አበባው ሲቀንስ እቆርጠዋለሁ፣ በየዓመቱ ይመለሳል። አያረጅም፣ አይሞትም። ሰዎችን መቁረጥ ባናስፈራቸው ጥሩ ነው። የሚበዛው ሰው ጓሮ ውስጥ ዴዚ የሚበላሸው ባለመቆረጡ ነው።

ዶማና መቀስ፦

የመጨረሻው ነገርህ እውነት ነው። በጊዜው ያልተቆረጠ ነው ቶሎ የሚራቆተው። ግን ልጠይቅህ ወንድሜ። አበባው መሃሉም ዙሪያውም ቢጫ ነው? ቅጠሉ ወደ ግራጫ ይወስደዋል? እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆኖ ነው የተቆራረጠው? ደግሞ ስትቆርጥ ምን ያህል ነው የምታነሳው?

ቢጫ ወዳጅ፦

አዎ፣ ሁለመናው ቢጫ ነው። ማበጠሪያ ያልከው ነገር ገርሞኛል፤ ቁርጥ ራሱን ነው። የማነሳው አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ሁሌም ቅጠል አስቀራለሁ።

ዶማና መቀስ፦

እንግዲያው ያንተው ዩሪዮፕስ ፔክቲናተስ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ። ፔክቲናተስ ራሱ «እንደ ማበጠሪያ የሆነ» ማለት ነው። ሁለቱም ከአደይ አበባና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ያንተው ግን በዕድሜም በጥንካሬም ይበልጣል። ከተላመደ በኋላ ድርቅም ይችላል። አቆራረጥህም ትክክል ነው። ቅጠል እያስቀረህ ነው የቆረጥከው። የልጃችን ግን ቅጠል ከሌለበት ወርዶ ነው የተቆረጠው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

የጓሮዋ ልጅ፦

ጋሼ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። እነዚያን ቆርጬ የጣልኳቸውን ጫፎች አስቤ አንጀቴ ተቃጠለ። ቢያንስ 30 ይሆኑ ነበር። ሁሉም ለጋ።

የግንዱን ሥር ገልጬ አየሁት፤ እብጠት የለበትም። የሞቱትን አውጥቻለሁ። ፍጉን ጠርጌያለሁ። ጣቴን ከትቼ ሳየው አፈሩ ጭቃ ነበር፣ እርስዎ እንዳሉት።

አሁን ግን ሌላ ነገር አየሁ። አዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ነጭ ጥምዝምዝ መስመር አለ፣ ሕፃን በእርሳስ የጫረው የሚመስል። ጫፉ ላይ ደግሞ ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት ተሰብስበዋል፤ ጉንዳን እየተመላለሰባቸው ነው። እነዚህን ቀንበጦች ካጣኋቸው ሌላ የለኝም።

ሚሚ ቅጠል፦

ይሄንን ለእኔ ተዪው፣ በየዓመቱ የምታገለው ነው።

ነጩን መስመር የሚሠራው ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ እየበላ የሚሄድ የትንሽ ዝንብ ትል ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሺና እዪው። መስመሩ በአንድ ጫፍ ቀጭን ነው፤ ወደ ሌላው እየሰፋ ይሄዳል። ሰፊው ጫፍ ላይ ትንሽ ጥላ ካየሽ እሱ ነው። ከላይ የሚረጭ ነገር ብዙ አይደርስበትም፤ የቅጠሉ ቆዳ ይሸፍነዋል። እዚያችን ነጥብ በሁለት ጣትሽ ጭመቂያት፣ አለቀ። ብዙ ቅጠል ቢኖርሽ ቀንጥሰሽ ጣዪ እልሽ ነበር፤ አሁን ግን አንዷ ቅጠል እንኳን ታስፈልግሻለች።

አረንጓዴዎቹ ክሽክሽ ናቸው። ጭማቂውን ይመጡታል። ከእነሱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው ጉንዳኑን የሚጠራው። ስለዚህ ጉንዳን ሲመላለስ ካየሽ ሁልጊዜ ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪ። ለጥቂት ቀንበጥ መድኃኒት አያስፈልግሽም። በግራ እጅሽ ቀንበጡን ከኋላ ደገፍ አድርጊ፣ በቀኝሽ በውሃ እጠቢው። በማግስቱም ድገሚ። እምቢ ካሉ ለዘብ ያለ የሳሙና ውሃ፣ ፀሐይ ሳይወጣ። ጢንዚዛ ካየሽ ግን፣ ያቺ ቀይ ባለ ጥቁር ነጥቧን፣ እንዳትነኪያት። ክሽክሽ ነው ምግቧ።

የጓሮዋ ልጅ (ከ3 ሳምንት በኋላ)፦

ዛሬ ማለዳ ቆረጥኩ። 6 ቀንበጥ አገኘሁ። 2 ቀንበጥ አሮጌው ላይ ተውኩለት። ከሁለቱ ትንሽ አረንጓዴ ካሳዩኝ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ገና እያሰበ ነው።

ጋሼ፣ ከአንጓው ሥር ያሉትን ነገር ቢላ ይዤ ነው የገባኝ። አንጓዋ ትንሽ ወፈር ትላለች፣ ቀለሟም ደመቅ ይላል። 6ቱንም በአንድ ሰፊ ቫዞ ተክዬ፣ እናቴ በምታይበት መስኮት ሥር፣ ጥላው ላይ አስቀመጥኩ። እውነቱንም ነገርኳት። «እማ፣ አሮጌዋ ላትድን ትችላለች፤ እነዚህ ግን ራሷ ናቸው» አልኳት። ምንም አላለችኝም። ወንበሯን ግን ወደዚያ ዞር አድርጊልኝ አለች።

ዶማና መቀስ፦

ጎሽ ልጄ። ከአሁን በኋላ ሥራሽ ትዕግሥት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቀን ጠውለግ ብለው ማታ ቀና ይላሉ። አትደንግጪ፣ ውሃም አትጨምሪ። ሥር የሌለው ቀንበጥ በውኃ ጥም ከሚሞተው ይልቅ በብስባሽ የሚሞተው ይበዛል። አንዱ ከሥሩ ከጠቆረ ወዲያው አውጪው፣ ለሌላው እንዳያስተላልፍ።

ሥር ይዘው ማደግ ሲጀምሩና አንድ ስንዝር ሊሞሉ ሲሉ ጫፋቸውን ቀንጥቢ። ይህን እንዳትዘልዪ። ካልቀነጠብሽው አንድ ዘንግ ሆኖ ወደ ላይ ይሮጣል። ከቀነጠብሽው ከታች ካሉት አንጓዎች ቅርንጫፍ እያወጣ ጎኑን ይሞላል። አሮጌዋ ከሥሯ የተራቆተችው በከፊል ለዚህ ነው።

የጓሮዋ ልጅ (ከ5 ሳምንት በኋላ)፦

6 ነበሩ፤ 4 ቀሩ። አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ጠቆረ። አንዱን ደግሞ እኔው ሳየው ሳየው ነቅንቄ ገደልኩት መሰለኝ። 4ቱ ግን ይዘዋል። ሳብ ሳደርጋቸው እምቢ አሉኝ። እጄ ላይ ያ እምቢታ ሲሰማኝ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አዛውሬያለሁ። ሥራቸው ነጭ ነው፣ እንደ ክር ቀጭን፣ አሸዋውን አቅፎ ይዞታል።

ስንዝር ሲሞሉ ልቀነጥብ ቢላም ጥፍርም ይዤ ቀረብኩ። አልቻልኩም። ስንት ጠብቄ ያገኘሁትን ጫፍ መቁረጥ እንዴት ይሆንልኛል? 2 ቀን ዘለልኩት። በ3ኛው ቀን እናቴ «አምጪልኝ» አለች። አንዱን ቫዞ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አገላብጣ አየችው። ቅጠሉን በጣቷ ጨምቃ አሸተተች። ከዚያ ምንም ሳታመነታ ጫፉን በጥፍሯ ቀጭ አደረገችው። «ቀጣዩን» አለችኝ። 4ቱንም እንዲሁ። ለካ ያኔም እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ እኔ ነኝ ያላየኋት። የቀነጠበቻቸውን ጫፎች ደግሞ መዳፏ ላይ ይዛ «እነዚህስ አይተከሉም?» ብላ ጠየቀችኝ። አጫጭር ናቸው፣ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው። አሸዋው ውስጥ ሰካኋቸው፤ እናያለን።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ ጋሼ። መሬት ላይ መቼና በምን ያህል ርቀት ልትከላቸው? አሮጌዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ይሆናል? እሷ በመጨረሻ አልዳነችም።

ዶማና መቀስ፦

እናትሽን ከእኔ እጅ ንሺልኝ።

የቫዞውን አፈር ሥር ሲሞላውና ከሥር ባለው ቀዳዳ ብቅ ሲል ያኔ ደርሷል። በመካከላቸው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ተዪ፤ 80 ብታደርጊው ነፋስ በደንብ ያልፋል፣ ቅጠሉም አይሻግትም። ፀሐይ በቀን 6 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። በሽታ ስላልነበረ አሮጌዋ ቦታ ላይ ይሆናል። ግን አፈሩ ጭቃ ነበር ብለሻል። ጉድጓዱን ሞልተሽ ውሃ አፍሺበትና ተመልከቺ። በማግስቱ ውሃው ካለ እዚያ አትትከይ፤ ወይም አፈሩን ከዙሪያው ከፍ አድርገሽ ደልድለሽ ትከይ። ከመትከልሽ በፊት ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን ውጭ አውጪያቸው፣ ከጠዋት ፀሐይ ጀምረሽ። ውርጭ የሚወርድበት ጊዜ ከሆነ ግን ቆዪ፤ ለመሞት አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል።

አበባ ሲጀምሩ፣ የጠወለገውን ራሱን ብቻ አትቅጠፊ። ዘንጉን ይዘሽ እስከሚቀጥለው ቅጠል ድረስ ወርደሽ ቁረጪ። አዲሱ እምቡጥ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የጓሮዋ ልጅ፦

3ቱን መሬት ላይ እተክላለሁ። አንዱ ቫዞው ላይ ይቀራል፣ የእናቴ ወንበር አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ በሚገባበት በኩል። እሱን እሷ ራሷ ታጠጣዋለች።